«ንጉሠ ነገሥቱ» እንደ እውነተኛ ታሪክ ይሸጥ?

የጥያቄው ባለቤት፦ ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ጃንሆይ (ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ከዙፋን ከወረዱ በኋላ የቤተ መንግሥት ሰዎችን አነጋገርኩ ብሎ «ንጉሠ ነገሥቱ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። በፖላንድኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የአንድ ሰው ሕይወትና የአንድ ሥርዓት ኑሮ አንድ ላይ ይተረክበታል። ልብ ወለድ ነው ተብሎ አይሸጥም። ይህ ልክ ነው?

የታሪክ መምህርት፦ በፍጹም ልክ አይደለም! ጃንሆይ የማንበብ ልማድ አልነበራቸውም፣ ሁሉም በቃል ነበር የሚነገራቸው ይላል እኮ። ፈረንሳይኛ ጭምር የሚያነቡ ሰው ነበሩ። በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሳሉ የሕይወት ታሪካቸውን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ያዘጋጁት ማን ሆነው ነው? አንድ አዛውንት ቢጠይቅ ይነግሩት ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦ መምህርት፣ ሰውየው በሳንሱር ሥር ነበር የሚጽፈው። የአገሩን ባለሥልጣናት በስም ጠርቶ መተቸት አይችልም። ፖላንዶች ሲያነቡት የራሳቸውን አለቆች ነው ያዩበት። ለእኔ ትልቅ ምሳሌያዊ ሥራ ነው።

የታሪክ መምህርት፦ ታዲያ ምሳሌ ነው ተብሎ ይጻፍበታ! ወርቁን ፖላንዶች ወሰዱ፣ እኛ ሰም ሆነን ቀረን። ዓለም ግን ሰሙን እንደ ታሪካችን ነው የሚያነበው። የጃንሆይ ውሻ ሉሉ የሹማምንት ጫማ ላይ ትሸና ነበር፣ አንድ አገልጋይም ሥራው ያንን መጥረግ ብቻ ነበር የሚለውን ስንት የውጭ ሰው አምኖ ጠይቆኛል።

ከዲሲ፦ ተናጋሪዎቹ በፊደላት ብቻ መጠራታቸው ለማጣራት አይመችም፣ እውነት ነው። ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ያህል ሰው በተረሸነበት ከተማ ማን ደፍሮ ስሙን ይሰጣል? እዚህ ላይ አልፈርድበትም።

የታሪክ መምህርት፦ ስም መደበቁን እቀበላለሁ። አነጋገራቸውስ? በየገጹ የሚለዋወጡት የንጉሡ መጠሪያዎች በአማርኛ ማንም የማይላቸው ናቸው። አንድ እልፍኝ አስከልካይ «ጃንሆይ» ወይም «ግርማዊነታቸው» ነው የሚለው። ያ ድምፅ የእኛ ሰው ድምፅ አይደለም።

የጥያቄው ባለቤት፦ በሚቀጥለው እትም ላይ የቱ እንደተረጋገጠና የቱ እንዳልተረጋገጠ የሚናገር መቅድም ቢገባስ?

የታሪክ መምህርት፦ እስማማለሁ። ቤተ መንግሥቱን በሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይጻፍ እንጂ።