የእህቴ ልጅ መታወቂያ ለማግኘት የዜግነት ማመልከቻ ያስፈልጋታል?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሟች እህቴ ኢትዮጵያዊት ነበረች። የልጇ አባት ደግሞ ከኤርትራ ተሰዶ መጥቶ አዳማ ይኖር የነበረ፣ በኋላም ወደ ሌላ አገር የሄደ ሰው ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጅ ባለፈው ጥር 18 ዓመት ሞላት፤ መታወቂያ ልናወጣ ስንሄድ ግን «አባቷ የውጭ ዜጋ ስለሆነ በቅድሚያ ዜግነት ታመልክት» ተባልን። የኤርትራ ሰነድም የላትም። ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6ም ሆነ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 3 መሠረት፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሕጉ እናትን ከአባት አይለይም። አራት ዓመት መኖርን፣ በቂ ገቢንና ቃለ መሐላን የሚጠይቀው አንቀጽ 5 ወላጆቹ ኢትዮጵያዊ ላልሆኑ የውጭ ዜጎችና አገር አልባ ሰዎች የተቀመጠ ስለሆነ እሷን አይመለከትም።

መልስ 2፦ እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ዋናው ጉዳይ ማስረጃው ነው። የእናቷን መታወቂያና የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ አሰባስቡ። የእናትየው ስም በግልጽ ካልሰፈረ፣ ምስክሮች አቅርባችሁ የእናትና ልጅነት ውሳኔ ከፍርድ ቤት ጠይቁ። እምቢታውንም በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አመልክቱ፤ በቃል የተነገረን ነገር ይዞ አቤቱታ ማቅረብ አስቸጋሪ ነው።

መልስ 3፦ አንድ የተዘነጋ ነገር አለ፣ እሱም ጊዜ የማይሰጥ ነው። የኤርትራ የዜግነት ሕግ ከኤርትራዊ አባት የተወለደን ሰው፣ ውጭ አገር ቢወለድም እንኳ፣ ዜጋ አድርጎ ይቆጥራል። የእኛ አዋጅ አንቀጽ 20(2) ደግሞ በወላጁ ምክንያት ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ለመያዝ መምረጡን ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጥረዋል። ሰነድ አለመያዟ ብቻውን መተማመኛ አይሆናትም። ስለዚህ ከሚመጣው ጥር በፊት ምርጫዋን ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በጽሑፍ ታሳውቅ፤ ገቢ የተደረገበት ማህተም ያረፈበትን ቅጂም ትያዝ።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እስኪመጣ መጠበቅ አለብን ማለት ነው?

መልስ 3፦ አይደለም። ማሳወቂያው ባላችሁ ማስረጃ ይቅደም፤ ውሳኔው ሲወጣ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል።