ክርክር፦ ላኪዎች ፓርላማውን «ገበያ ክፈቱ» ሲሉ ለማን ብለው ነው?

አወያይ፦
እንዴት ዋላችሁ የጅማ ልጆች። የዛሬው ክርክር የንግድ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ልሁን ብላ ያመለከተችው በ1995 ነው። ድርድሩ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል። መንግሥት የሚፈርመውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እንግዲህ የንግድ ምክር ቤቶችና የላኪ ማኅበራት እንደራሴዎቻችንን «ገበያው ይከፈት» ብለው ቢወተውቱ ለጅማ ይበጃል? መሰዳደብ የለም።

ቡና አቅራቢ (ፈረንጅ አራዳ)፦
ይወትውቱ ባይ ነኝ። በ2017 አሜሪካ በእኛ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ታሪፍ ጣለች፤ ቡናም ከዚህ አላመለጠም። ኅዳር 2018 ላይ ቡና ከታሪፉ ወጣ። እዚያ ስለ ቡና ደጅ ሲጠኑ ከነበሩት አንዱ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ነው። ለእኛ አዝነው አይደለም፤ የራሳቸው ሲኒ እንዳይወደድባቸው ነው። ግን የሊሙ ቡናም አብሮ ተረፈ። ነጋዴ ዝም ካለ ማን ይናገርለታል?

የጎማ ልጅ (ጎማ ወረዳ)፦
ጋሼ፣ ምሳሌው ጥሩ ነው፤ እኛ ጋ ሲመጣ ግን ይገለበጣል። አውሮፓ ከ1993 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር የድሃ አገሮችን ምርት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ያስገባል። ጥሬውም የተቆላውም ቡናችን እዚያ ቀረጥ የለበትም። ታዲያ ላኪው «ክፈቱ» የሚለው የትኛውን በር ነው? የሚያስገባበትን የእኛን በር ነዋ! ስንት ላኪ ቡናውን በኪሳራ እየሸጠ፣ ባገኘው ዶላር ብረትና መለዋወጫ አስገብቶ ሲያካክስ እንደኖረ ጅማ ውስጥ የማያውቅ አለ?

ቡና አቅራቢ፦
ያ ከሐምሌ 2016 በፊት ነው። ዶላር በገበያ ዋጋ ከሆነ ወዲህ በኪሳራ የሚሸጥበት ምክንያት የለውም።

የጎማ ልጅ፦
አስመጪነቱ ግን አልቀረም።

ስፌት፦
ከቡና ወጣ ብዬ ልናገር። (ጅማ ስንባል ሌላ ወሬ የለንም እንዴ?) የኢንዱስትሪ ፓርካችን በ2011 ሲመረቅ ልብስ ተሰፍቶ ለውጭ ገበያ እንዲላክ ነበር የታሰበው። ታኅሣሥ 2014 ላይ በጦርነቱ ምክንያት ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ዕቃ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ዕድል፣ ተባረርን። አጎዋ ተደራድረን ያገኘነው ነገር አልነበረም፤ አሜሪካ ለራሷ ያወጣችው ሕግ ነው። የሰጠ ሲከፋው ይነሳል። ሐዋሳ ላይ ሥራ ያጡትን እህቶች ማን ጠየቃቸው? ተፈራርመህ ያገኘኸው መብት ግን እንዲህ በአንድ ደብዳቤ አይቀማም። ለዚህ ሲሉ ነጋዴዎች ቢጮኹ አብሬ እጮኻለሁ።

የጎማ ልጅ፦
አይቀማም ማለትሽ ያጠራጥረኛል። የዓለም ንግድ ድርጅት የይግባኝ አካል ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ዳኛ አጥቶ ቆሟል። የአዲስ ዳኞችን ሹመት ያገደችው ራሷ አሜሪካ ናት።

ስፌት፦
ዳኛ የጎደለው ችሎት ጭራሽ ችሎት ከሌለው ይሻላል።

የገራ ገበሬ፦
ሁላችሁም ስለ ታሪፍ ታወራላችሁ። እኔ ቤት የመጣው ሌላ ነው። አውሮፓ የደን ሕግ አውጥታለች። ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ነጥቡ ካልታወቀ አይገባም። በእነሱ 2020 ካለቀ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለም አይገባም። ሥራ የሚጀምርበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተገፋ እንጂ ሕጉ አለ። የእኔ ቡና ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ነው። ደን ነው ወይስ ማሳ? ከሰማይ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ማን ያስረዳልኝ? ቀረጡ ዜሮ ሆኖም በሩ ሊዘጋብኝ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ማኅበር እንደራሴዎችን ሲያገኝ ይህን ያነሳል ወይስ የጉምሩክን ነገር ብቻ?

ደግሞ ሌላ አለ። መጋቢት 2016 ላይ የውጭ ባለሀብት ጥሬ ቡና እንዲልክ ሲፈቀድ፣ «የውጭ ገበያ ይከፈትልን» ሲሉ የኖሩ ነጋዴዎች እዚሁ ሂርማታ ተቀምጠው «አለቀልን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሰው በር ይከፈት፣ የእኛ ይዘጋ! ለጀንፈሌ፣ ከነገለባው ለደረቀው ቡናዬ፣ በሁለት ገዢ ፋንታ አምስት ቢመጣልኝ እኔን ምን ይከፋኛል? ፈረሱላው ስንት ዓመት በአንድ ሰው አፍ ሲተመን ኖሯል።

ቡና አቅራቢ፦
ኦቦ፣ ይህን አድምጠኝ። የውጭው ኩባንያ ከአገሩ ባንክ በርካሽ ወለድ ተበድሮ ይመጣል። እኔ እዚህ ብድር እስካገኝ አዝመራው ያልፋል። ሁለት ዓመት ደህና ዋጋ ይሰጥሃል፤ እኛ ከገበያ ስንወጣ ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ፈረሱላው እንደገና በአንድ ሰው አፍ ነው የሚተመነው። አትክፈቱ አላልኩም፤ መጀመሪያ እኛም ብድር እናግኝ ነው።

የጎማ ልጅ፦
ይኸው! «መጀመሪያ እኛ» የማይል ነጋዴ የት ይገኛል?

ጠበቃው፦
እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። አሜሪካ በ1988፣ በእነሱ 1995፣ ሕግ አውጥታለች። እንደራሴ ለመወትወት የሚከፈለው ሰው ስሙን ያስመዘግባል። ማን እንደከፈለው፣ በምን ጉዳይ እንዳነጋገረ በየሩብ ዓመቱ ያሳውቃል። የፈለገ ሁሉ ያነበዋል። ጉቦን ጨርሶ አጠፋ አልልም፤ ቢያንስ ማን ምን እንደጠየቀ ይታያል። እኛ ጋ የምናየው በቴሌቪዥን የሚቀርበውን የውይይት መድረክ ነው። ከዚያ በፊት ሆቴል ውስጥ በምሳ ሰዓት ምን እንደተባለ እኔም እናንተም አናውቅም። ማኅበሩ ይወትውት፤ ግን በጽሑፍ፣ ስሙን ጽፎ።

የገራ ገበሬ፦
ጠበቃው ልክ ነው። ጋሼ አቅራቢ፣ ማኅበራችሁ ለቋሚ ኮሚቴው ደብዳቤ ሲጽፍ አንድ ግልባጭ ለገበሬው ዩኒየን ይድረሰው። ካልደረሰን የራሳችንን እንጽፋለን። እንደራሴው ድምፅ የሚለምነው እኛ ወረዳ መጥቶ ነው።

ቡና አቅራቢ፦
ግልባጩን በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ። የደኑንና የካርታውን ነገር ግን እናንተው ጻፉልን። እኛ ብንጽፈው እንሳሳታለን።

የገራ ገበሬ፦
እንጽፋለን። የዋጋውንም ጨምረን።