የፖለቲከኞችን ግለ ታሪክ የሚገዛው በእርግጥ አንባቢ ነውን?

ጠያቂ፦ መጽሐፍ ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው፤ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር የመጻሕፍት መደብሩ መግቢያ ፈገግ ባሉ ፖለቲከኞች ፎቶግራፍ ይሞላል። ሦስቱን ገዝቼ አንብቤአለሁ። የድህነት ልጅነት፣ የእናት ምክር፣ ከዚያም አንዲት ስሕተት ያልተገኘበት የሥራ ዘመን በሦስቱም ውስጥ በዚሁ ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። አሳታሚ ነጋዴ ነው፤ ታዲያ ብዙ ሰው ጀምሮ ለማይጨርሰው መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስቀድሞ የሚከፍለው ለምንድን ነው? በሽፋኑ ላይ «ከፍተኛ ሽያጭ ያገኘ» የሚለው ጽሑፍስ ይታመናልን?

መልስ፦ የቀድሞ መጽሐፍ ሻጭ

ወንድሜ፣ በመጻሕፍት መደብር ለዓመታት ስለሠራሁ ጥያቄዎን በሚገባ እረዳዋለሁ። ቅድሚያ ክፍያው ጸሐፊው ወደፊት ከሚያገኘው የሽያጭ ድርሻ ላይ የሚታሰብ ገንዘብ ነው፤ መጽሐፉ ሳይሸጥ ቢቀር ግን ጸሐፊው እንዲመልስ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም፣ ኪሳራውን አሳታሚው ይሸከማል። አሳታሚዎች ይህን የሚደፍሩት አንዱ መጽሐፍ የሌሎቹን ዕዳ ይከፍላል ብለው ነው። የሚሼል ኦባማ ግለ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ በወራት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ስለተሸጠ፣ ሁሉም ያንን ያልማል። በአንጻሩ የኒው ዮርክ ገዥ የነበሩት አንድሩ ኩሞ በ2020 በወረርሽኙ መካከል ስለ አመራራቸው ለጻፉት መጽሐፍ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ውል ተዋውለው ነበር፤ ስለ አረጋውያን መጦሪያ ሟቾች ቁጥር ምርመራ ሲከፈት አሳታሚው በጥቂት ወራት ውስጥ መጽሐፉን ማስተዋወቁን አቆመ።

«ከፍተኛ ሽያጭ ያገኘ» ስለሚለው ጽሑፍ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በሚያወጣው የከፍተኛ ሽያጭ ዝርዝር ላይ በጅምላ እንደተገዛ ከጠረጠረው መጽሐፍ አጠገብ ትንሽ የጩቤ ምልክት (†) ያስቀምጣል። በ2019 የዶናልድ ትራምፕ ታላቅ ልጅ መጽሐፍ በዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው ከዚህ ምልክት ጋር ነበር፤ የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ወደ 100 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አውጥቶ ቅጂዎችን እንደገዛ በኋላ ታውቋል። እንዲህ ያሉ ቅጂዎች ለፓርቲው ገንዘብ ለሚለግሱ ሰዎች በምስጋና መልክ ይሰጣሉ። እንግዲህ ዝርዝሩን ሲያነብቡ ምልክቷን ይፈልጉ፤ በመጽሐፉ መጨረሻም የምስጋናውን ገጽ ይመልከቱ፣ በትክክል የጻፈው ሰው ስም ብዙውን ጊዜ እዚያ ተሸሽጓል።

መልስ፦ ዘሪሁን ከሜሪላንድ

ጅምላ ግዢ ከሽያጭ ዝርዝር ማሳሳት አልፎ ለባለሥልጣን ገንዘብ ማሳለፊያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ጂም ራይት በ1989 ሥልጣናቸውን የለቀቁት ከሌሎች ክሶች ጋር በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሳቢያ ነበር። የተለመደው የጸሐፊ ድርሻ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን እርሳቸው 55 በመቶ ይቀበሉ ነበር፤ ገዢዎቹም በብዛት ጉዳይ አስፈጻሚዎች (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት የሚቀጠሩ ሰዎች) እና ደጋፊዎች ነበሩ። ምክር ቤቱ ለንግግር የሚከፈልን ገንዘብ ቢገድብም የመጽሐፍ ገቢን አልገደበም ነበርና፣ ቀዳዳው ያ ነበር። የሚያስገርመው ግን ራይትን የከሰሱት ኒውት ጊንግሪች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሳቸው አፈ ጉባኤ ሊሆኑ ሲሉ ከመገናኛ ብዙኃን ባለሀብቱ ከሩፐርት መርዶክ አሳታሚ ድርጅት የ4.5 ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ቀርቦላቸው መቀበላቸው ነው፤ ያውም የመርዶክ የቴሌቪዥን ንግድ ከመንግሥት ጋር ጉዳይ በነበረው ሰዓት። ጩኸቱ ሲበረታ ያንን ትተው በቅድሚያ ክፍያነት 1 ዶላር ብቻ ተቀበሉ። የምክር ቤቱ አባላት ቅድሚያ ክፍያ እንዳይቀበሉ የሚከለክለው ደንብ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኛው ከተማ በባልቲሞር ደግሞ ከንቲባዋ ካትሪን ፒዩ በ2019 ከሥልጣን ወረዱ፤ የጻፏቸውን የሕፃናት መጻሕፍት ራሳቸው በቦርድ አባልነት ለተቀመጡበት የሆስፒታሎች ድርጅት በ500 ሺህ ዶላር ሸጠው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

መልስ፦ እማሆይ ብራና

በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት ግን ተገቢ አይመስለኝም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት በ1884 የንግድ ሽርካቸው አጭበርብሯቸው ንብረታቸውን ሁሉ አጥተው፣ በጉሮሮ ካንሰር እየተሠቃዩ ቤተሰባቸው እንዳይቸገር ብለው ጻፉ፤ ጨርሰው በቀናት ውስጥ ሐምሌ 1885 ዐረፉ። ያሳተመው የደራሲው የማርክ ትዌይን ድርጅት ለባለቤታቸው ከ400 ሺህ ዶላር በላይ አስረከበ፤ መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይነበባል። ገንዘብ ፈልጎ መጻፍ ብቻውን መጽሐፍን አያበላሽም።

የእኛ የቀድሞ ባለሥልጣናት ትዝታዎችም በዚህ ሚዛን ቢታዩ መልካም ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሚሊዮን የሚከፍል አሳታሚ የለም፤ አብዛኛው የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ የሚሸፍነው ከኪሱ ነው። ስለዚህ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ከማለት ይልቅ «ማንን ሊወቅስ፣ ራሱን ከምን ሊያነጻ ጻፈ?» ብለን ብንጠይቅ የበለጠ እናተርፋለን። ስለ ደርግ ዘመን የተጻፉትን ሁለት ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንዱ የሸሸገውን ሌላው ሲያወጣው ያገኛል።

ጠያቂ፦ መጽሐፍ ወዳድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የምስጋናውን ገጽ ተመልከት በተባልኩት መሠረት ዛሬ ማታ መደርደሪያዬን ፈተሽሁ። በሁለቱ መጻሕፍት ላይ «ቃሌን ወደ ወረቀት ያመጣች» እና «ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ የሠራ» የተባሉ ሰዎች፣ ስማቸው በትንንሽ ፊደል ሰፍሮ አገኘሁ። ሦስተኛውን መጽሐፍ ለጎረቤቴ አውሼ ገና አልመለሰልኝም፤ ምናልባት ከእኔ በተሻለ ትዕግሥት እያነበበው ይሆናል።