«ሳንቲም» ወይስ «ብር»፦ ስለ አንድ የቪየና መታሰቢያ የቀረበ የቃላት ጥያቄ

ብራና፦
እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ሳለሁ ጥቂት ቃላት አስቸግረውኛል። ጽሑፉ የሚያወሳው ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ዓመት ሲከበር፣ በቪየና ያወጣችውን የ25 ዩሮ የመታሰቢያ ገንዘብ ነው። በመካከሉ ሰማይን በቴሌስኮፕ የመረመረው የጣሊያናዊው ሊቅ የጋሊሊዮ ፊትና ቴሌስኮፑ በከፊል ይታያሉ፤ ከጀርባቸው ጋሊሊዮ ራሱ ከሣላቸው የመጀመሪያዎቹ የጨረቃ ሥዕሎች አንዱ አለ። ዙሪያውን በያዘው የብር ቀለበት ላይ ደግሞ የክሬምስሙንስተር ገዳም የከዋክብት መመልከቻ፣ የሬዲዮ ቴሌስኮፕና የጠፈር ቴሌስኮፕን የመሳሰሉ ተቀርጸዋል። እኔ ለጊዜው የጻፍሁት «የኮከብ ቆጠራን ታሪክ የሚዘክር፣ ቀለም የተቀባ ሳንቲም፤ ጋሊሊዮ ቴሌስኮፕን የፈለሰፈበት 400ኛ ዓመት» የሚል ነው። «ሳንቲም» የሚለው በተለይ አልጥም ብሎኛል። ምን ትላላችሁ?

ጠገራ፦
አለመጣሙ ተገቢ ነው። «ሳንቲም» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መቶኛ እጅ ማለት ነው፤ 25 ዩሮ ደግሞ የምንም ነገር መቶኛ አይደለም። አማርኛ ከቪየና ለሚመጣ ትልቅ የብር ገንዘብ የራሱ ቃል ካበጀለት ብዙ ዘመኑ ነው። አያቶቻችን «ጠገራ ብር» ወይም «ማርትሬዛ» የሚሉት፣ የእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ የዚያችው ከተማ ሥራ ነበር፤ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፉ በኋላም ያው ዓመት እንደ ተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። ማዕድኑን «ብር» ስንል፣ ገንዘቡንም «ብር» ስንል፣ በኋላም የአገራችንን መገበያያ «ብር» ስንል የኖርነው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ «የመታሰቢያ ብር» ብለው ቢጽፉት እኔ ደስ ይለኛል።

እርማት፦
የወንድማችን ታሪክ የሚያስደስት ቢሆንም ምክሩን ግን አልቀበለውም። ዛሬ አንድ አንባቢ «የ25 ዩሮ ብር» የሚል ቢያነብ ዩሮው ወደ ብር ተመንዝሮ ነው ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ሳንቲም» ከመቶኛነት ከወጣ ቆይቷል፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ በመዳፉ የሚያንቃጭለውን፣ መሐሉና ዳሩ በቀለም የሚለያየውን ገንዘብ ሁላችንም «የአንድ ብር ሳንቲም» እንለው የለም ወይ? በቃሉ ምንጭ ብንሄድማ ይህ አባባል ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ነበር። «ስሙኒም» በምንጩ ስምንተኛ እጅ ነው፤ እኛ ግን ሩብ አድርገነው ስንገበያይበት ኖረናል። ስለዚህ «የመታሰቢያ ሳንቲም» ይቁም፤ «የመታሰቢያ ቴምብር» ከለመድነው ጋርም ይስማማል። «የሚዘክር» የሚለውን ግን ቢተዉት እመርጣለሁ፤ ስሕተት ሆኖ ሳይሆን «ዝክር» ሲባል ለብዙ አንባቢ ቀድሞ የሚታየው ጠላውና ዳቦው ስለ ሆነ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው «ኮከብ ቆጠራ» ነው። ኮከብ ቆጣሪ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ቆጥሮ ዕድሉን የሚናገር ነው፤ የሰማይን አካላት እንቅስቃሴ የሚመረምረው ዕውቀት «ሥነ ፈለክ» ይባላል። እርስዎ ራስዎ የዓመቱን ስም በትክክል ጽፈው ሲያበቁ ከታች ለምን እንደ ቀየሩት አልገባኝም።

«ፈለሰፈ» የሚለውም መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1608 በኔዘርላንድ ሃንስ ሊፐርሄ የተባለ መነጽር ሠሪ ለመሣሪያው የባለቤትነት መብት ጠይቆ ነበር፤ ጋሊሊዮ ወሬውን ሰምቶ በ1609 የራሱን ሠራ፣ አጕልቶ የማሳየት ኃይሉን ጨመረ፣ ወደ ሰማይም አነጣጠረው። ስለዚህ «ጋሊሊዮ ቴሌስኮፑን የሠራበት» ቢሉ አንዲት ቅጥያ ብቻዋን እውነቱን ትጠብቃለች፤ «ቴሌስኮፑን» የራሱ ነው፣ «ቴሌስኮፕን» ግን የዓለም ሁሉ።

ጠገራ፦
በሳንቲሙ ተረታሁ፤ ስሙኒዋ አሸነፈችኝ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ቀለም የተቀባ» አይባልም። መሐሉ ኒዮቢየም የተባለ ማዕድን ነው፤ በኤሌክትሪክ አማካይነት በገጹ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን እንዲፈጠር ይደረጋል፣ ቀለሙም የሚለዋወጠው በሽፋኑ ውፍረት መጠን ነው። እንግዲህ ማዕድኑ ቀለም ያወጣል እንጂ አይቀባም። ቴሌስኮፕንም «የሩቅ መነጽር» ለማለት እንዳይፈተኑ፦ ለጋሊሊዮ ቱቦ ያምራል፣ እዚያው ቀለበት ላይ ካለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሲደርስ ግን መስተዋትም ዐይንም የለምና ቃሉ ይሰበራል። ለገዳሙ መመልከቻ ግን «ማማ» የሚለውን ያስቡበት፤ ዝንጀሮ ከሚጠበቅበት የማሽላ ማሳ ወደ ከዋክብት ቢወጣ አያፍርም።

ብራና፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «የሥነ ፈለክን ታሪክ የሚያስታውስ፣ መሐሉ ቀለም ያወጣ ኒዮቢየም የሆነ የ25 ዩሮ የመታሰቢያ ሳንቲም፤ ጋሊሊዮ ቴሌስኮፑን የሠራበት 400ኛ ዓመት»። ማማውን ተቀብያለሁ፤ አርታኢው ግን «ግንብ» ካላልሁ ብሎ እየተከራከረኝ ነው።