ዶከር በሚንት፣ በፌዶራ፣ በአልፓይንና በፍሪቢኤስዲ ላይ እንዴት ነው የሚጫነው? ሁለት ቀኔ ነው

አዌቱ_ኮድ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ ልጆች። ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ለሃይስኩል ልጆች ፕሮግራሚንግ እናስተምራለን፣ ኮምፒውተሮቹ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰቡ ስለሆኑ ሁሉም የየራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው ያለው፣ ሶስቱ ሚንት 21.3 ናቸው፣ አንዱ ፌዶራ፣ ሰርቨር ያደረግናት አሮጌ ዴስክቶፕ አልፓይን (እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ የሊኑክስ ዓይነት ናቸው)፣ አንዱ ደግሞ ፍሪቢኤስዲ እንደተጫነበት ነው የተሰጠን። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ በየማሽኑ ቨርዥኑ ስለሚለያይ አንዱ ጋ የሰራው ሌላው ጋ እምቢ እያለ ልጆቹ ተሰላቹብኝ፣ ስለዚህ ሁሉንም በዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ነገር በኮንቴነር፣ ማለትም ተነጥሎ በሚሰራ ጥቅል፣ የሚያስኬድ ነው) ላደርገው አሰብኩ። ሚንቱ ላይ የዶከርን ሪፖ (ፕሮግራሙ የሚወርድበትን ማከማቻ) አስገብቼ ዝርዝሩን ለማደስ አፕት አፕዴት ስል ቨርጂኒያ ለሚባል ነገር ሪሊዝ ፋይል የለም ይለኛል። ከዛ አፕት ኢንስቶል ዶከር ብዬ ጫንኩ፣ የሆነ ነገር ገባ ግን ዶከር ራን ስለው ትዕዛዙን አላውቀውም አለኝ። ኢንተርኔታችን በሞባይል ዳታ ነው፣ በሞከርኩ ቁጥር ፓኬጁ እያለቀ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ተርሚናል_እህት፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ሁለቱም ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ናቸው። ቨርጂኒያ የሚንት 21.3 የራሱ ስም ነው፣ የዶከር ሪፖ ደግሞ የሚያውቀው የኡቡንቱን ስም ነው። ሚንት 21 የተሰራው በኡቡንቱ 22.04 ላይ ስለሆነ የሪፖ ፋይልህን ክፈትና ቨርጂኒያ የሚለውን አጥፍተህ ጃሚ በል፣ በቃ። ዶከር ብለህ የጫንከው ነገር ደግሞ ከኮንቴነር ጋር ምንም አይገናኝም፣ ለዴስክቶፕ አይኮን የሚሆን የድሮ ፕሮግራም ስሙን ቀድሞ ይዞት ነው፣ አውጣው። ትክክለኛው ፓኬጅ ከኡቡንቱ ሪፖ ከሆነ ዶከር ዶት አይኦ፣ ከራሱ ከዶከር ሪፖ ከሆነ ዶከር-ሲኢ ነው የሚባለው። ለማስተማሪያ የመጀመሪያው ይበቃሃል፣ እኔ አንተን ብሆን ሪፖ ማስገባቱን ራሱ እተወው ነበር።

ቆላ_ሰብ፦
ፌዶራው ላይ አትልፋ፣ ዎርክስቴሽን ከሆነ ፖድማን አብሮ መጥቷል። ትዕዛዙ ከዶከር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሰራ ዴሞን የለውም፣ ያለ ሩትም (ያለ ዋናው አስተዳዳሪ ፈቃድ) ይሰራል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፣ የራስህን ፎልደር ወደ ኮንቴነሩ ስታስገባ ፐርሚሽን ዲናይድ ካለህ ቻሞድ 777 እያልክ (ፈቃዱን ለሁሉም እየከፈትክ) አትሰቃይ፣ የፌዶራው የደህንነት ጠባቂ ኤስኢሊኑክስ ነው የሚከለክልህ፣ ቮልዩሙ (የምታስገባው ፎልደር) መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብና ትልቁን ዜድ ጨምርበት። እኔ ይቺን እስካውቅ አንድ ሳምንት አልቆብኛል ስለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርህ።
አልፓይን ላይ ኮሚዩኒቲ ሪፖው ተዘግቶ ከሆነ በሪፖ ፋይሉ ውስጥ ፊቱ ያለችውን የ# ምልክት አጥፍተህ ክፈተው፣ ከዛ ኤፒኬ አድ ዶከር። ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ የለም እዛ፣ ኦፕንአርሲ ነው፣ ስለዚህ ሲስተምሲቲኤል ሳይሆን አርሲ-አፕዴት አድ ዶከር ብለህ ቡት ላይ እንዲነሳ አድርገው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሯ ራሷ እንድትነሳ ኮንቴነሩንም ሪስታርት አንለስ-ስቶፕድ ብለህ አስነሳው።

ተርሚናል_እህት፦
ፍሪቢኤስዲው ላይ ግን ጊዜህን አታጥፋ። ዶከር የሚሰራው በሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው፣ ኮንቴነር ማለት የራሱ ከርነል የሌለው፣ የማሽኑን ከርነል የሚጋራ ፕሮሰስ ነው፣ ፍሪቢኤስዲ ደግሞ ከርነሉ ሌላ ነው። እነሱ ጄይል የሚባል የራሳቸው አላቸው፣ ከ2000 ጀምሮ፣ ዶከር ከመምጣቱ 13 ዓመት በፊት፣ ጥሩ ነገር ነው ግን የዶከር ኢሜጅህን (ኮንቴነሩ የሚነሳበትን ጥቅል ፋይል) እንዳለ አያስነሳልህም። ወይ ቢሃይቭ (የፍሪቢኤስዲ የቨርችዋል ማሽን መሳሪያ) ላይ ቨርችዋል ማሽን ትከፍታለህ፣ ወይ ዴቢያን ሊኑክስ ትጭንበታለህ። ራሙ ትንሽ ከሆነ ዴቢያን።
ዳታውን በተመለከተ ደግሞ ኢሜጁን አንዴ ብቻ አውርድ። ዶከር ሴቭ ብለህ ታር ፋይል አድርገው፣ በፍላሽ ለየማሽኑ ውሰድ፣ እዛ ዶከር ሎድ፣ ፌዶራው ላይ ፖድማን ሎድ። ፖስትግሬስን የአልፓይኑን ኢሜጅ ውሰድ፣ ያንሳል። ሌተስት ብለህ ደግሞ አታውርድ፣ 16 ከሆነ 16 ብለህ ቁጥሩን ጻፍ፣ ያለዚያ ቀጥሎ ስታወርድ አዲስ ቨርዥን ይመጣና የድሮውን ዳታ አላነብም ይልሃል፣ መጀመሪያ የሸሸኸው ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አዌቱ_ኮድ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ጃሚ ስለው አፕዴቱ ወዲያው አለፈ፣ ግን እንዳልሽኝ ዶከር ዶት አይኦውን ነው የጫንኩት። ፖስትግሬስ 16ን በፍላሽ ሶስቱም ሚንቶች ላይ አስገባሁ፣ ፌዶራውም ላይ በዜዷ ሰራ። ፍሪቢኤስዲው ነገ ዴቢያን ይሆናል። አንድ የቀረኝ፣ ተማሪዎቹ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) እንዳይጠየቁ ዶከር ግሩፕ ውስጥ ላስገባቸው ወይ?

ቆላ_ሰብ፦
ሰርቨሯ ላይ እንዳታደርገው ወንድሜ። ዶከር ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሩት እንደሆነ ቁጠረው፣ የማሽኑን ሙሉ ዲስክ ወደ ኮንቴነር አስገብቶ የፈለገውን መቀየር ይችላል። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ምንም የሚጠፋ ነገር ከሌለ አስገባቸው፣ ሎግ አውት አድርገው ሲመለሱ ነው የሚሰራላቸው። ሰርቨሯን አንተ ብቻ ያዛት፣ እነሱ በፖርት 5432 ይገናኙ።