እናቴ ክኒኗን ለሁለት እየከፈለች ነው፤ እናንተ ቤትስ?

ጠያቂ፦
እናቴ የደም ግፊት አለባት። በኮቪድ ጊዜ «ለክኒን ብዬ ሄጄ በሽታ ሸምቼ አልመጣም» ብላ ክትትሏን አቋረጠች። ቀጥሎ እኔ ከሥራ ተቀነስኩ። ባለፈው ሳምንት ማለቅ የነበረበት የክኒን ብልቃጥ ግማሹ ድረስ ሞልቶ አገኘሁት። ለካ በቢላ ለሁለት እየከፈለች ነው የምትውጠው። ፍርፋሪውን እንኳ በጣቷ ጫፍ ትለቅማለች። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ነርስ ነኝ እህቴ። ያኔ ክፍላችን ለኮቪድ ተለቀቀና የክትትል ቀጠሮ በሙሉ ተሰረዘ። እኛ ጋ ብቻም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ መልስ ከሰጡ 105 አገሮች 90 በመቶ ያህሉ አገልግሎታቸው ተስተጓጉሎ ነበር። ለዓመታት ሲቀንስ የቆየው የቲቢ ሞት እንኳ በዚያ ዓመት ጨመረ።

እናትሽ መጀመሪያ ግፊታቸው ይለካ። ግማሽ እንደሚውጡም ለሐኪሙ ይንገሩት። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ካልነገሩት ግን መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ይጨምርባቸዋል። ረከስ ያለ ተመሳሳይ መድኃኒት ካለም ጠይቂ።

መልስ 2፦
የገንዘቡ ነገር ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ግሪክ በኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ ብዙ ሰው ሥራውን ሲያጣ የጤና መድኑንም አብሮ አጣ። መድን የሌለው ሁሉ በመንግሥት ሆስፒታል እንዲታከም በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እስከዚያ ስንቱ ክኒኑን እንደ እናትሽ ለሁለት ከፍሎ ውጦ ይሆን?

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ብልቃጡን ይዤ አብሬያት እሄዳለሁ።