ክርክር፦ ለአንድ ልጅ ብቻ የክትባት ብልቃጥ ይከፈት ወይስ አይከፈት?

የአራት ኪሎዋ እናት፦ ጎረቤቶች፣ እስቲ ፍረዱኝ። ልጄ 9 ወር ሞላውና ለኩፍኝ ክትባት አዝዬው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ኩፍኝ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ነይ» አለችኝ። ክትባቱ እኮ ፍሪጅ ውስጥ አለ! ነፃ ነው ይሉናል፤ ከሥራ የቀረሁበትን ማን ይከፍለኛል?

ነርሷ፦ እህቴ፣ ጨክናብሽ አይደለም። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለ10 ልጅ ነው፣ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ደግሞ ለ20። ላንቺ ልጅ ብቻ ከከፈትን የዘጠኙ ይደፋል።

የሁለት ልጆች አባት፦ ይደፋ! የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ ልጅ ቢመጣም ክፈቱ ነው የሚለው። የተደፋው ይተካል። ሐሙስ ሳትመለስ የቀረችው እናትስ?

ነርሷ፦ ይደፋ ማለት ላንተ ቀላል ነው። ወሩ ሳያልቅ ክትባቱ ሲያልቅ የምንጠየቀው እኛ ነን።

ሰፈር የለቀቀች፦ እኔ ከካዛንቺስ ተነስቼ ገላን ጉራ ነው የገባሁት። ካርዴ የድሮው ጤና ጣቢያ ነው ብዬ ሁለት ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። «ሐሙስ ነይ» ለኔ የትራንስፖርት ጉዳይ ነው።

ነርሷ፦ አንቺ ደግሞ ምን አደከመሽ? ካርዱን ይዘሽ እዚያው ቅርብሽ አስከትቢው።

ተቃዋሚው፦ አጋነናችሁት። በ2011 ዓ.ም. ጥናት በአገር ደረጃ ክትባታቸውን የጨረሱት ልጆች 43 በመቶ ገደማ ናቸው፤ አዲስ አበባ ግን 83። እኛ ምን ጎደለን? ጩኸቱ ብዙ ልጅ ሳይከተብ ለሚቀርበት ለአፋር ይሁን።

የሁለት ልጆች አባት፦ ለአፋርም እንጮሃለን። የቀሩት 17ቱ ግን የማን ልጆች ናቸው? ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ እናት ልጆች ይመስሉኛል። ቅዳሜ ክትባት ቢሰጥ ግማሹ ጣጣ ያልቅ ነበር።

እማማ፦ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ኩፍኝ ያልወጣለት ልጅ አይቆጠርም ነበር። የጎረቤቴን ሁለቱን ባንድ ሳምንት ቀብረናል። ክፈቱላት፣ ምናለበት!

ነርሷ፦ እማማ፣ ልክ ነዎት። እውነቱን ልናገር፣ አራት አምስት ሆነው ከመጡ እኔ ቀኑን ሳላይ እከፍታለሁ።

የአራት ኪሎዋ እናት፦ እንዲያ ከሆነ 9 ወር ወይም (ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት) 15 ወር የሞላው ልጅ ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ጤና ጣቢያው በር ላይ እንገናኝ። ካርድ እንዳትረሱ።